«እሷ አታውቅም፣ ሲስተር»

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል እሠራለሁ፤ ስሙ ይቅር። ከመደበኛው ሥራ ጎን ለጥናት መረጃ እሰበስባለሁ። አበሉ ብዙ ባይሆንም ለቤት ኪራይ ይደጉማል፣ ምን ይደረግ።

ይሄ የምነግራችሁ ጥናት የካንሰር ታማሚዎችን የመንፈስ ጽናት የሚለካ ነበር። አንድ ዓይነት መጠይቅ በተለያዩ አገሮች ይሞላል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ከዚያ የየአገሩ አማካይ ጎን ለጎን ይቀመጥና የቱ አገር ታማሚ የበለጠ ጽናት አለው ይባላል። መጠይቁ ኮነርና ዴቪድሰን የሚባሉ ባለሙያዎች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ነው። ዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 25 ጥያቄ አለው፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፣ ሁሉንም 4 ያለ ሰው 100 ይሞላል። ለውጥ ሲመጣ ይለምዱታል ወይ፣ ከሕመም በኋላ ይነሳሉ ወይ፣ ጠንካራ ሰው ነኝ ብለው ያስባሉ ወይ፣ እያለ ይቀጥላል።

ሥልጠናው ላይ ሁለት ነገር ጠበቅ ተደርጎ ተነገረን። አንደኛ፣ ታማሚው ለብቻው ይጠየቅ፣ አስታማሚ አጠገቡ አይኑር። ሁለተኛ፣ የስምምነት ቅጹ ቃል በቃል ይነበብለት። ቅጹ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መስመር «የካንሰር ሕመምተኞች» ብሎ ይጀምራል።

እኛ ክፍል የሠራ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

አንድ ጠዋት ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጡ እናት ነበሩ። የጡት ነው። በየ21 ቀኑ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የሚወስዱ፣ ፀጉራቸው የረገፈ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ። ቅጹን ይዤ ስጠጋ ልጃቸው ብድግ አለ።

«ሲስተር፣ አንዴ ላስቸግርሽ።»

ኮሪደር ወጣን። በሩን በእጁ ገርበብ አድርጎ ይዞታል።

«እሷ አታውቅም። እብጠት ነው ያልናት፤ መድኃኒቱ ደግሞ ተመልሶ እንዳይወጣ ነው ብለናታል። ያንን ወረቀት እንዳታነቢባት፣ በእናትሽ።»

«ፀጉራቸው ሲረግፍስ?»

«የመድኃኒቱ ጠባይ ነው አልናት።»

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ከብት ሸጦ ነው እናቱን ያመጣው፣ ማደሪያ የሚሆን ክፍል ተከራይቶ፣ ሥራውን ትቶ። እንዲህ ያለ ልመና ለኛ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ያልለመነ ቤተሰብ ሲገጥመን ነው የሚገርመን። ቅጹን ፎልደር ውስጥ መለስኩና ግሉኮሱን ሰቀልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የማቅለሽለሹ መድኃኒት ፋርማሲያችን ስለሌለ ልጁ ውጭ ሊገዛ ወጣ። እናትየው እንደወጣ አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ወረቀት ምን ነበር የኔ ልጅ?»

«ጥናት ነው እማማ፣ ይቆይ ብለን ነው።»

«አታንብቢላት አለሽ አይደል? ተይው፣ እሱ ሆደ ቡቡ ነው። እኔ እንደሆንኩ መጀመሪያ የመጣን ቀን ነው ያወቅሁት። በሩ ላይ የተጻፈውን አንዷ አስታማሚ አንብባ ነገረችኝ። አውቃለሁ ብዬ ብነግረው እህል አይቀምስም።»

ጥናቱ ምን ምን እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነገርኳቸው፣ አልመዘገብኩም። «ጠንካራ ሰው ነኝ ብለው ያስባሉ ወይ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁ። «ሰው እንዴት ራሱን እንዲህ ይላል? ሌላው ይበልልኝ እንጂ!»

በሳምንቱ ስብሰባ ነገሩን አነሳሁት። አስተባባሪያችን ጊዜ የሚያባክን ሰው አይደለም። «ያልተነገራቸውን ዝለሏቸው፣ ሌላ ታማሚ ሞልቷል» አለ። እውነቱን ነው፣ ታማሚ ሞልቷል። ግን የተሞሉትን ፎርሞች ገለጥ ገለጥ ስናደርግ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነው። የተማረ። ወይ ደግሞ ብቻውን የሚመጣ። ከገጠር ከነቤተሰቡ የመጣው፣ አንብቦ የማይረዳው፣ ልጆቹ ከበው የሚጠብቁት ሰው ኮሪደር ላይ ነው የቀረው። እንግዲህ ይሄ ተደምሮ ተካፍሎ «የኢትዮጵያ ታማሚዎች የጽናት አማካይ» ሊባል ነው። የማን አማካይ? ቁጥሩ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል ከሕዝቡ ባህሪ ይሁን ከተዘለሉት ሰዎች ማን ሊለየው ነው? እኔን የቆረቆረኝ ይሄ ነው፤ የትርጉም ጥራት፣ የስታቲስቲክስ ዘዴ ምናምን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው።

አንዷ ባልደረባዬ «ይሄ እንግዲህ የኛ ባህል ነው፣ ፈረንጅ አይገባውም» ስትል አልተስማማሁም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ተጠይቀው ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ካንሰር መሆኑን ለታማሚው አለመንገርን እንመርጣለን ብለው ነበር። በ1979 ያው ጥያቄ ሲደገም 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በ18 ዓመት! ሕክምናው ተሻሻለ፣ ሕጉ ተለወጠ፣ ሰዉም መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ የተሠራው ቅጽ ታማሚው ያውቃል ብሎ ሲነሳ የራሱ ዘመን ልማድ ነው፤ በ1961 እዚያው አገር ቢወጣ ኖሮ እዚያም ኮሪደር ላይ ይቀር ነበር።

ሌላው የእናትየው ሳቅ ነው። ራስን ማሞገስ ነውር ሆኖ ያደገ ሰው ስለ ራሱ ጥንካሬ ሲጠየቅ 1 ወይም 2 ይላል፣ ቢበረታ እንኳ። ስለ ራሱ በድፍረት መናገር እየተበረታታ ያደገው ደግሞ 4 ይላል። የአንዱ ሥጋ ቤት ሚዛን ባዶውን ሩብ ኪሎ የሚያሳይ ከሆነ ከሌላው ሥጋ ቤት ከተገዛው ጋር ማወዳደር አይቻልም፣ ሁለቱም ወረቀት ላይ ኪሎ ይበሉት እንጂ። ባለሙያዎቹ ይሄን ያውቁታል። ቻይና ውስጥ ይኸው መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲፈተሽ አሜሪካ ላይ እንደ መልሶቹ ዝምድና አምስት ቦታ የተከፈሉት ጥያቄዎች እዚያ ሦስት ቦታ ብቻ ነው የተሰበሰቡት። ማለትም ጥያቄዎቹ አንድ ሆነው ሰዎቹ ውስጥ የሚነኩት ነገር ሌላ ነው። አገር ከአገር ከማወዳደር በፊት ይሄ ይፈተሻል፤ ደንቡ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ደንብ።

ከዚያ ክርክሩ ቅጹ ላይ ሆነ። «ካንሰር» የሚለውን አውጥተን «በዚህ ክፍል የሚታከሙ» ብንልስ ያለ ነበር። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አልፈቀደም፤ ሰው ምን ውስጥ እንደሚገባ ሳያውቅ አይፈርምም ብለው። እኔም ደስ አለኝ፣ ቤተሰብ የደበቀውን እኛም በፊርማ አስደግፈን እንድንደብቅ አልፈልግም። ከቅጹ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ገባ፤ «ስለ ሕመምዎ ምን ተነግሮዎታል?» የሚል። ስለ እብጠት፣ ስለ ቁስል ብቻ የሚናገሩ ከሆነ እዚያው ይቆማል። መረጃ ሰብሳቢ ምርመራ አይነግርም፤ ወደ ሐኪሙ ነው የሚመራው። የተዘለሉት ደግሞ ስማቸው ሳይጻፍ ዕድሜ፣ ከተማ ወይም ገጠር፣ የተዘለሉበት ምክንያት ተብሎ አንዲት መስመር ላይ ይሰፍራሉ። አስታማሚም በግድ አይወጣም፤ ታማሚው ይኑር ካለ ይቀመጣል፣ መኖሩ ግን ይመዘገባል።

እናትየውን ሐኪሙ ለብቻቸው አነጋገራቸው። ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ ሲላቸው «የማውቀው ይበቃኛል» አሉ። እንደሚያውቁ ልጁም አልተነገረውም። ጥናቱ ውስጥ አልገቡም፤ ያቺ መስመር ላይ ናቸው፣ ገጠር፣ ምክንያት «ቤተሰብ አልፈቀደም» ተብሎ። ምክንያቱ እንኳ በትክክል እንዲህ አልነበረም፣ ግን ፎርሙ ላይ ከነበሩት ምርጫዎች የሚቀርበው እሱ ነው።

የውጭዎቹ ተባባሪዎች መስመሯን ሲያዩ ለምን አስፈለገች ብለው ጠየቁ፣ የሌሎቹ አገሮች ፎርም ላይ ስለሌለች። የስታቲስቲክስ ሰውዬአችን ለእነሱም ጨምሩላቸው ብሎ መለሰ። እስካሁን አልጨመሩም። እስኪጨምሩ ድረስ አማካዮቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥ ሲላክልን የኛን ዓምድ ባዶ ተዉት እያልን ነው።