ገብቶም ያልገባው ፈንገስ

ምን ትሠራለህ ለሚሉኝ ሰዎች አጭሩ መልሴ «የተክል ሥር ቆርጬ አያለሁ» የሚል ነው። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ወሬ ይቀይራሉ። አልፈርድባቸውም። እዚህ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የማጠናው አርቡስኩላር ማይኮራይዛ የሚባለውን የፈንገስና የተክል ሽርክና ነው። በየብስ ላይ ከሚበቅሉት ተክሎች 70 በመቶ ያህሉ ሥራቸው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፈንገስ ይኖራል። ፈንገሱ ቀጫጭን ክሮቹን አፈር ውስጥ ዘርግቶ፣ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፎረስ ያመጣል። ተክሉ ደግሞ በስኳርና በቅባት ይከፍለዋል። የቅባቱ ጉዳይ በደንብ የተረጋገጠው በ2017 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ፈንገሱ ከባዶ ተነስቶ ስብ መሥራት ስለማይችል የተክሉን እጅ ጠባቂ ነው። ልውውጡ የሚካሄደው ሥሩ ውስጥ ባሉ ህዋሶች ነው። ፈንገሱ የህዋሱን ግድግዳ አልፎ ይገባና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተበታትኖ ውስጡን ይሞላዋል። ይህ አካሉ አርቡስኩል ይባላል።

በተራው ማይክሮስኮፕ ስታዩት ወረራ ነው የሚመስለው። ህዋሱ ለራሱ ቦታ የቀረው አይመስልም። ችግሩ፣ በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ በተለመደው አሠራሩ ከ200 ናኖ ሜትር በታች የተጠጋጉ ነገሮችን ለይቶ አያሳይም (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። ከግድግዳው በስተውስጥ ህዋሱን የሚከበው ስስ የህዋስ ሽፋን ውፍረቱ ደግሞ 10 ናኖ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዋናው ድንበር ከዓይን ያመልጣል ማለት ነው።

ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በርሊን ውስጥ በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚያየውን፣ እንዲህ ያለውን ድንበር ለማየት የሚያስችለውን መሣሪያ፣ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሠሩት በ1931 ነው። ሩስካ ለዚህ ሥራው ኖቤል ያገኘው በ1986! በሕይወት ቆይቶ መሸለሙ ራሱ ዕድል ነው።

በዚህ መሣሪያ ሲታይ ታሪኩ ይገለበጣል። የተክሉ ህዋስ አልተበሳም። ለፈንገሱ ቦታ ሲለቅ የራሱን ሽፋን እየዘረጋ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ ይጠቀልላታል። ስለዚህ ፈንገሱ ግድግዳውን አልፏል፣ ሽፋኑን ግን አላለፈም። በሁለቱ መካከል ጠባብ ክፍተት አለች። ፎስፎረሱም ቅባቱም የሚያልፉት በእሷ በኩል ነው። እኔን ለዓመታት እዚህ ሥራ ላይ ያቆየችኝ ይቺ ክፍተት ናት።

የሚገርመው የስንዴ ዋግም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዋግ አምጪው ፈንገስ ምግብ መምጠጫውን ህዋሱ ውስጥ ሲከት በተክሉ ሽፋን እንደተጠቀለለ ነው። አንዱ ሸሪክ፣ ሌላው ሌባ፤ አገባባቸው ግን አንድ ዓይነት። ምስሉ ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ አይነግራችሁም። እሱን ለማወቅ ሌላ ዓይነት ሙከራ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ልፋቱ። ኤሌክትሮን የሚጓዘው አየር በሌለበት ነው፤ ስለዚህ እርጥብና ሕይወት ያለው ሥር እንዲሁ ማስገባት አይቻልም። መጀመሪያ ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ፕሮቲኑን ባለበት እናስራለን። ቀጥሎ ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ የሚባል ሌላ ኬሚካል ቅባቱን ይይዝና ናሙናውን ያጠቁረዋል። ኦስሚየም ቀልድ አያውቅም። ትነቱ ዓይን ይጎዳል፤ ያለ ጓንትና ያለ አየር መሳቢያ አይነካም። ከዚያ ውሃውን በአልኮል ቀስ በቀስ አውጥተን በቦታው ሬዚን፣ ማለትም ኋላ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ፣ እናስገባለን። እዚህ ላይ የተክሉም የፈንገሱም ግድግዳ ያስቸግራል። ሬዚኑ ሰርጎ እስኪገባ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቸኮለ ሰው ቀዳዳ የበዛበት ቁራጭ ይጠብቀዋል።

መቁረጡ ደግሞ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። በአልማዝ ቢላ ከ60 እስከ 90 ናኖ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቁራጮች ይወጣሉ። ከቢላው ጋር በተያያዘ ትንሽ የውሃ ገንዳ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ውፍረታቸውም በቀለማቸው ይታወቃል። ብርማ ከሆነ ጥሩ፣ ወርቃማ ከሆነ ያስኬዳል፣ ወይን ጠጅ ከሆነ ወፍራም ነው፣ ይጣላል። እነዚያን ቁራጮች በምን እንደምናንቀሳቅስ ታውቃላችሁ? እንጨት ጫፍ ላይ በተጣበቀ የሽፋሽፍት ፀጉር! ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት መሣሪያ አጠገብ ተቀምጦ በሽፋሽፍት መሥራት ሁሌም ያስቀኛል። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት የመዳብ ወንፊት ላይ እናነሳቸዋለን፤ በዩራኒየምና በእርሳስ ጨው እናቀልማቸዋለን።

በነገራችን ላይ የምናገኘው ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። በየቦታው የምታዩት ሐምራዊና አረንጓዴ የፈንገስ ፎቶ በኋላ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ለፖስተር ያምራል፤ እኔ ግን ግራጫውን አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ግራጫውም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ኬሚካሉ ህዋሱ ውስጥ እስኪዘልቅ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያ ሽፋኑ ይጨማደዳል። በድሮ ምስሎች ላይ አርቡስኩሉን የከበበው ሽፋን ወላገድ ብሎ የሚታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ማቀዝቀዝ ነው፤ በ2,100 ባር ግፊት፣ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ፣ የበረዶ ቅንጣት ለመፈጠር ጊዜ ሳያገኝ። ከዚያ እዚያው ቅዝቃዜ ውስጥ እንዳለ የረጋው ውሃ በአሴቶን ይተካል። ሃዋርድና አይስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ፈጥኖ የማቀዝቀዝን ዘዴ ፉዛሪየም በሚባል ፈንገስ ክር ጫፍ ላይ ሞክረው፣ ከኬሚካሉ ምን ያህል እንደሚሻል አሳይተዋል።

በ2019 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች ከፍተኛ ግፊት ባለው ማቀዝቀዣ ተጠቅመው አርቡስኩሉን አዩት። ያቺ ጠባብ ክፍተት በጥቃቅን ከረጢቶችና ቱቦዎች ተሞልታለች። ቅባት የሚተላለፈው በእነዚህ ይሆን? ደስ የሚል ግምት ነው። ግን የቆመ ምስል እንቅስቃሴን ስለማያሳይ በእርግጠኝነት አልናገርም።

እኔ አሁን የያዝኩት አንድን አርቡስኩል ሙሉውን በሦስት አቅጣጫ መሥራት ነው። ቢላው ማይክሮስኮፑ ውስጥ ተገጥሟል፤ አንድ ስስ ንብርብር ይልጣል፣ የቀረው ገጽ ፎቶ ይነሳል፣ እንደገና ይልጣል። ከዚያ ሽፋኑን በየፎቶው ላይ ተከትሎ ማስመር የሰው ሥራ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ያሰምራል ተብሎ ነበር። የአርቡስኩሉን ሽፋን ከቫኪዩሉ (የተክሉ ህዋስ ውስጥ ካለው ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት) ሽፋን ጋር እያምታታ ስላስቸገረኝ፣ ሁለቱ በሚጠጋጉበት ቦታ ሁሉ በእጄ ነው የማሰምረው።