ሦስቱ ጥያቄዎቼ

በስደት ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ የሌሊት ፈረቃ ነበር። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንደረድራለን። አራት ነን፤ አንድ ሂንዱ፣ አንድ ቡድሂስት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሙስሊምና እኔ። አለቃችን ሆን ብሎ የመረጠን ነው የሚመስለው።

እረፍት ላይ የሃይማኖት ወሬ አይቀርም። እኔ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት ይዤ የወጣኋቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሩኝ። መሥራቹ ማን ነው? መጽሐፉ ምንድን ነው? ኃጢአት እንዴት ይሰረያል? በእነዚህ የዓለምን ሃይማኖት ሁሉ የምጨርስ መስሎኝ ነበር።

በሂንዱው ጀመርኩ። «መሥራቻችሁ ማን ነው?» ሳቀና «የለንም» አለኝ። የደበቀኝ መሰለኝ። በኋላ ሳነብ ግን እውነቱን ነው። ሪግቬዳ የተባለው ጥንታዊ የመዝሙር ስብስባቸው ከክርስቶስ ልደት ከ1000 ዓመት በላይ የሚቀድም ነው፤ ለብዙ ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። «ሂንዱ» የሚለው ስም ራሱ የወንዝ ስም ነው። ፋርሶች ከኢንደስ ወንዝ ማዶ ያለውን ሕዝብ የጠሩበት። የሃይማኖት መጠሪያ የሆነው ቆይቶ ነው።

ቡድሂስቱ ጋ ተስፋ አገኘሁ። መሥራች አላቸው፤ ሲድሃርታ ጎታማ። በዛሬዋ ኔፓል፣ ሉምቢኒ ተወለደ ይላሉ። «እሺ፣ ቡድሃ ኃጢአትን እንዴት ያስተሰርያል?» አልኩት። «አያስተሰርይም። ሐኪም ነው በለው። መድኃኒቱን ያሳይሃል፣ የምትውጠው ግን አንተ ነህ» አለኝ። ለእነሱ የችግሩ መነሻ አምላክን መበደል አይደለም። ስቃይ ነው፤ የስቃዩ ሥር ደግሞ ምኞት።

እልህ ያዘኝና «ሲድሃርታ የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም ቢሉህስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ይከፋኛል። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።»

ይቺ መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ (የምተኛው ቀን ነው ለነገሩ)። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግምም «በጰንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን» እንላለን። የአንድ ሮማዊ አገረ ገዥ ስም ጸሎት ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ ዘመኑን ለመቁረጥ ነው። ነገሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ገዥ ጊዜ በእርግጥ ሆኗል ለማለት። ክርስትና ከትምህርቱ በፊት በድርጊቱ የቆመ ነው፤ ድርጊቱን ካወጣኸው የሚተርፍህ ምክር ብቻ ነው።

ሽማግሌው ጋ ስደርስ ቀላል መሰለኝ። ጎረቤት ሃይማኖት ነው፤ ቁርአን ውስጥ በማርያም ስም የተጠራ ሱራ እንኳ አለ። ኢየሱስን ከድንግል የተወለደ መሲሕ ይለዋል። ስቅለቱንና የአምላክ ልጅነቱን ግን አይቀበልም። እኔም «እንግዲህ ሙሐመድ ለእናንተ፣ ክርስቶስ ለእኛ እንደማለት ነው» አልኳቸው።

«አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ነቢያችን መልእክተኛ ናቸው። እናንተ የአምላክ ቃል ሥጋ ሆነ ትላላችሁ። ለእኛ የአላህ ቃል ቁርአን ነው። ካመሳሰልክ መጽሐፋችንን ከክርስቶስህ ጋር አመሳስል።»

ዝም አልኩ። ያኔ እሳቸው ጀመሩ። «አሁን አንተ ንገረኝ። አምላካችሁ አንድ ነው ሦስት?»

የተማርኩትን ፀሐይ አወጣሁ። ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ፤ ፀሐይዋ ግን አንድ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተዋጠላቸውም። ሂንዱው ግን ፊቱ በራ። «ይሄማ ቀላል ነው! አንዱ በብዙ መልክ ይገለጣል። እኛም እንደዚያው ነን!»

የደነገጥኩት ያኔ ነው። «ቆይ፣ አይ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ስል የእረፍት ማብቂያው ደወል ጮኸ።