ዝም ብሎ የሚያጫውት

ፊልም ላይ የምወደው ዝምታውን ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ምንም የማይባባሉበትን ቦታ። አንዱ ሊናገር አፉን ከፍቶ የሚተውበትን። ታዲያ የድሮው ዲስክ ማጫወቻዬ ወሬ የሚጀምረው ልክ እዚያ ላይ ነበር። ተኩስና የመኪና ሩጫ ሲሆን ማን ይሰማዋል? ጸጥ ሲል ግን «ዝዝዝ» ይላል። ቀጥሎ «ክርር ክርር» ያደርግና ትንሽ አረፍ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ባለቤቴ አንድ ማታ «እሱም ይተውናል እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ማጫወቻ ፍለጋ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ማን ዲስክ ያያል የሚል አይጠፋም። እኔ አያለሁ። መደርደሪያዬ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ፊልሜ አይቋረጥም። ይህን ክርክር እዚህ ላይ ልዝጋው።

አዲስ ከመፈለጌ በፊት ግን የአሮጌው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈለግኩ። «ይጮኻል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። መጀመሪያ ያለ ዲስክ ከፈትኩት። ያኔ የሚሰማ ነገር ካለ ወይ ፋኑ ነው፣ ወይ የኤሌክትሪክ ክፍሉ እምምታ። ከዚያ ዲስክ አስገባሁ። የተጨመረው ድምፅ የሞተሩና የዲስኩ ነው። «ክርር» የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ዲስኩን በሌዘር ብርሃን የሚያነበውን ሌንስ የተሸከመው ክፍል ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲንሸራተት የሚያሰማው ነው። በመጨረሻ ክዳኑን በመዳፌ ጫን አደረግኩት። አብዛኛው ጩኸት ወዲያው ጠፋ። እጄን ሳነሳ ተመለሰ። ስሱ ቆርቆሮ እየነዘረ የሞተሩን ድምፅ ሲያባዛው ኖሯል። ጠረጴዛውም አግዞታል። ከሥሩ ባዶ የሆነ ስስ ጣውላ ላይ ማጫወቻ ማስቀመጥ ከበሮ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

ሞተሩ ላይ ግን አልፈርድም። ሥራው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ሲጫወት በደቂቃ ከ500 ዙር ገደማ ይጀምርና ወደ 200 እየወረደ ይሄዳል። ዲቪዲ ሲመጣ መነሻው 1,500 አካባቢ ሆነ። ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘው ብሉሬይ ከዚያም ይፈጥናል። ሦስቱም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። እጅ ላይ ሲያዙ አይለያዩም፣ ማሽኑ ውስጥ ሲገቡ ግን አይገናኙም። ሙዚቃ ሲያጫውት መኖሩ የማይታወቅ ማሽን ብሉሬይ ሲገባለት ሊያፏጭ ይችላል። ስለዚህ ሰው «የእኔ ድምፅ የለውም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሚያጫውትበት ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ይኸው። ዲስክ መነበብ የሚጀምረው ከመሃል ነው። መሃል ላይ ዙሪያው ጠባብ ስለሆነ ሞተሩ መፍጠን አለበት፤ ወደ ዳር ሲሄድ ቀስ ይላል። ስለዚህ ዝዝታው ፊልሙ ሲጀምር ቀጠን ብሎ ይሰማና እየወፈረ፣ እየለዘበ ይሄዳል። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ንብርብር የፊልም ዲቪዲዎች ላይ ደግሞ ሌዘሩ ዳር ከደረሰ በኋላ ወደ ሁለተኛው ንብርብር ይሻገርና ወደ መሃል ይመለሳል። ድምፁም አብሮት እንደገና ይቀጥናል። አሁን አሁን ሰዓት ሳላይ ፊልሙ ምን ያህል እንደቀረው በጆሮዬ እገምታለሁ። የማይረባ ችሎታ ነው፤ ግን የእኔ ነው።

ጥፋቱ ሁሌ የማጫወቻው አይደለም። ፊቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት አንድ ዲስክ አለኝ። ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን ትንሽ አድልቷል፤ ልብ ብሎ ላላየው አይታወቅም። መሽከርከር ሲጀምር ግን ማጫወቻውን ከነጠረጴዛው ያንቀጠቅጠዋል። ሚዛኑን የሳተ ነገር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጥረው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የተጫጫረና የጣት አሻራ ያረፈበት ዲስክም የራሱ ጣጣ አለው። ሌንሱ ማንበብ ሲያቅተው እየተመለሰ ይሞክራል። ያ ነው «ክርር» የሚለው። እንዲህ ያለውን ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ነው የምጠርገው። እያዞሩ መጥረግ አዲስ ጭረት ቢፈጥር በንባቡ መስመር ላይ ስለሚተኛ ይብሳል።

ፍለጋው ላይ የእህቴ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ የጌም ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። «አጎቴ፣ ይሄ ሁሉንም ያጫውታል» አለኝ። እውነት ነው፣ ያጫውታል። ፋኑም አብሮ ይጫወታል። ብዙ ሥራ የሚችል ማሽን ብዙ ሙቀት አለው፤ ሙቀቱን ደግሞ የሆነ ነገር ማስወጣት አለበት። ልጁ ቅር እንዳይለው አንድ ፊልም አብረን አየንና መለስኩለት።

የኮምፒውተር ዲስክ ድራይቭም ሞከርኩ። የሲዲ መደበኛ ፍጥነት 48 እጥፍ ነን የሚሉት በሙሉ ኃይላቸው ሲሮጡ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይጠጋሉ። ፋይል ለመቅዳት ሸጋ ነው። ፊልም ለማየት ግን ይህ ሁሉ ሩጫ ለምን? አንዳንዱ ድራይቭ የገባለት የፊልም ዲስክ መሆኑን ሲያውቅ ራሱ ቀስ ይላል። አንዳንዱን በፕሮግራም ፍጥነቱን መገደብ ይቻላል። እኔ ግን ፊልም ለማየት ከኮምፒውተር ጋር መነታረክ አልፈልግም። ተውኩት።

ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውም ብዙ አልረዳኝም። ስለ ምስል ጥራቱ፣ ስለ ሶኬቶቹ ይዘረዝራል። ስለ ድምፁ ብዙ ጊዜ ምንም አይልም። የድምፅ መጠን መለኪያው ዲሲቤል ቢጻፍ እንኳ ከስንት ርቀት እንደተለካ ካልተገለጸ ዋጋ የለውም፤ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ደግሞስ ቁጥሩ የድምፁን ጠባይ መቼ ይነግራል? ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ወጥ የሆነ እምምታ ትንሽ ቢቆይ ጆሮ ይለምደዋል፤ መኖሩንም ይረሳል። ቆም እያለ «ክርር» የሚለውን ግን አይለምደውም፤ መቼ እንደሚመጣ እየጠበቀ ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱ ትንሽ ከፍ ያለ ግን የማይለዋወጥ ድምፅ ቢኖረው፣ ሌላው ዝቅ ያለ ግን የሚቆራረጥ ቢሆን፣ እኔ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። እሷ ሁለቱንም አትፈልግም።

በመጨረሻ ያገኘሁት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ነው። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ብሉሬይ ማጫወቻ። ሳነሳው ከበደኝ፤ ያኔውኑ ልቤ ደነገጠ። ከባድ ነገር በቀላሉ አይነዝርም። ክዳኑን በጣቴ ቆርቆር ሳደርገው እንደ እኔው አላቃጨለም፤ «ዱብ» ብሎ ቀረ። ከኋላ ፋን የለውም።

«ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዝጋልኝማ» አልኩት።

«ምን ልትሰማ ነው?»

«ምንም።»

ሰውዬው ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም። የራሴን ብሉሬይ ይዤ ስለነበር አስገባሁት። መጀመሪያ የፊልሙን መነሻ አጫወትኩ፤ ሞተሩ የሚፈጥነው እዚያ ነዋ። ከዚያ ወደ መሃል፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ዘለልኩ። ስዘል ሌንሱ ተንሸራተተ፤ ሰማሁት። ግን አንዴ ከደረሰ በኋላ አረፈ። ከማሽኑ አንድ ክንድ ርቄ ስስ እምምታ ነበር። ሶፋው ላይ ስቀመጥ የለም። ባልደረባዬ «መሳቢያው ሲከፈት እኮ ይንቋቋል» ብሎ በሐቀኝነት ነገረኝ። ፊልም ሳይጀመር እንደፈለገ ይንቋቋ።

ቤት አምጥቼ ጫፉ ላይ ሳይሆን ጠንከር ያለው የጠረጴዛ ክፍል ላይ አስቀመጥኩት። ያረጁትን የጎማ እግሮቹን በአዲስ ቀየርኩ፣ ከሥራቸውም ስስ ስፖንጅ አደረግኩ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ግን አልሸፈንኩም። ጩኸት ለማፈን ብሎ ማጫወቻን በብርድ ልብስ መጠቅለል ወይ ካቢኔ ውስጥ መቆለፍ ማሽኑን በሙቀት መጨረስ ነው። ፋን ያለው ከሆነ ደግሞ ይብስ ይጮኻል። አንድ ልማድም አዳብሬያለሁ። ሻይ ላፈላ ስነሳ የዲስኩን ሜኑ ከፍቼ አልተወውም። ሜኑው ዞሮ ዞሮ በጀመረ ቁጥር ሌንሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እና ያቺ «ክርር» ትመጣለች።

አንድ ችግር አለ። ማጫወቻው እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የተሠራ ስለሆነ በዚያ ዓመት የወጣውን፣ ምስሉ ይበልጥ የጠራውን የ4ኬ ብሉሬይ አይቀበልም። መደርደሪያዬ ላይ ደግሞ ጥቂት የ4ኬ ዲስኮች አሉኝ። ለእነሱ ሌላ ማጫወቻ ማየት ጀምሬያለሁ፤ ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።