በነሐሴ የታየው በረዶ

ነሐሴ ላይ ነው። የምንሠራው እንጦጦ ግርጌ ሲሆን፣ ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን ሸፍኖታል። በቅርቡ የተቀጠረች ባለሙያ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ኖርዌይ ዳርቻ ላይ በረዶ አገኘሁ» አለችኝ። ካርታው ላይ ዳርቻውን ተከትሎ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል።

ማይክሮዌቭ በሚባለው የጨረር ዓይነት ምድርን ከሳተላይት መለካት እየተማረች ነበር። የካሜራ ሳተላይት በእንዲህ ያለ ደመና ምንም አያይም። ማይክሮዌቭ ግን ደመናውን ያልፋል፤ ፀሐይ ለወራት በማትወጣበት የዋልታ ክረምትም ይሠራል። ለልምምድ የባሕር በረዶን የመረጥንላት መረጃው ነፃ ስለሆነ ነው። ደግሞም ኒምበስ 7 የተባለችው ሳተላይት ከመጠቀችበት ከ1978 ጀምሮ ሳተላይት ሳተላይትን እየተካ የተመዘገበ ነው።

ሳተላይቱ ላይ ያለው መሣሪያ በረዶን በቀጥታ አያይም። የሚለካው ከምድር ገጽ የሚወጣውን ደካማ ጨረር ነው። ውሃ ጥቂት ይለቃል፣ በረዶ ብዙ። ስለዚህ ከውሃው የሚቀዘቅዘው በረዶ በመሣሪያው ዘንድ ሞቆ ይታያል። ይህ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

የኖርዌይን ዳርቻ ግን ሞቃት የባሕር ውሃ ጅረት በጥር እንኳ ከበረዶ ይጠብቀዋል። ታዲያ በነሐሴ ከየት መጣ? ኮዷን አየነው፤ ደህና ነው።

«አንዱ ፒክስል፣ ካርታው የተሠራበት አንዱ ትንሽ አራት ማዕዘን ማለቴ ነው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አልኳት።

«25 በ25።»

አንቴናው በአንዴ የሚቀበልበት ስፋት ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ዳርቻ ላይ ግማሹ የብስ፣ ግማሹ ባሕር ይሆናል ማለት ነው። የብስ እንደ በረዶ ብዙ ጨረር ይለቃል። ቀመሩ የሚያውቀው ውሃና በረዶን ብቻ ስለሆነ ድብልቁን በረዶ ይለዋል። የበረዶው ድርሻ 15 በመቶ ከደረሰ ፒክስሉ በሙሉ ከበረዶው ስፋት ጋር ይደመራል። ለዚህ ማጣሪያ አለው፦ ወደ ውስጥ ያሉት የባሕር ፒክስሎች በረዶ ከሌላቸው የዳርቻው ይሰረዛል። ስታስገባው መስመሩ ጠፋ።

ደስ ያለኝ፣ ያልገባትን ነገር ሳትደብቅ ይዛው መምጣቷ ነው። ስንቱ ዝም ብሎ ሪፖርት ውስጥ ይከተዋል!

ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያ የለገዳዲን ግድብ በዚህ መከታተል አልችልማ?» አለች። ለካ ሐሳቧ እሱ ኖሯል። አትችልም፤ ግድቡ በሙሉ አንድ ፒክስል ውስጥ ይዋጣል። ለእሱ የሚሆነው የራሱን ሞገድ ልኮ መልሱን የሚቀበል ራዳር ነው። ሴንቲኔል 1 የተባለው የራዳር ሳተላይት ምስል ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፣ እሱም በነፃ ይገኛል። የረጋ ውሃ በራዳር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ነፋስ ሲነሳ ግን ወለሉ ይሻክርና ከየብሱ መለየት ያስቸግራል። ያን ዕለት ከሰዓት የራዳሩን ምስሎች ስታወርድ የነፋሱንም መረጃ አብራ አወረደች።