«ኤኮስ»ን ፍለጋ ወደ ፖምፔ

ከኔፕልስ የተነሣው ባቡር ፖምፔ ሲያደርሰን አብዛኛው ተሳፋሪ ወደ ፎረሙ፣ ወደ ጥንታዊው አደባባይ፣ አመራ። እኔ ግን ጥንታዊቷን ከተማ በረጅሙ የድንጋይ መንገድ ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ወደ አምፊቲያትሩ፣ ወደ ክቡ የትርኢት ሜዳ፣ ገሰገስሁ። የመጣሁት ለእንግሊዙ የሮክ ባንድ ለፒንክ ፍሎይድ ነው፤ በተለይም «ሜድል» የተባለውን አልበም የሸክላ ሁለተኛ ገጽ ብቻውን ለሞላው፣ ከ23 ደቂቃ በላይ ለሚረዝመው «ኤኮስ» ለተባለው ዜማ።

አምፊቲያትሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ገደማ ተሠርቶ እስከ 20 ሺህ ተመልካች ይይዝ ነበር፤ እሳተ ገሞራው ቬሱቪየስ በ79 እ.ኤ.አ. በአመድ ቀበረው። ፒንክ ፍሎይዶች «ኤኮስ»ን ጨምሮ ዜማዎቻቸውን እዚህ ሲጫወቱ ለሚያሳይ ፊልም ቀረጻ የመጡት በጥቅምት 1971 እ.ኤ.አ. ነው። አልበሙ ገና ለገበያ አልቀረበም፤ ተመልካችም አልተጠራም። መብራት አስቸግሯቸው ከከተማው ረጅም ገመድ እስኪዘረጋ ድረስ ቀናት ባከኑባቸው።

በጨለማው መግቢያ ቁልቁል ወርጄ ሜዳው መካከል ቆምሁ። አብዛኛው መቀመጫ ሣር ለብሷል። የጆሮ ማዳመጫዬን አጥልቄ ዜማውን ከፈትሁት። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት የፒያኖውን ድምፅ በሚሽከረከር ማጉያ አሳልፎ የሚያሰማት ያቺ ቀጭን ኖታ እንደ ውኃ ጠብታ ጠብ አለች፤ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጠብታ። በመካከሉ ጭብጨባ ቢገባ ኖሮ ያ ዝምታ ይበላሽ ነበር። ባዶው አምፊቲያትር ለዚህ ዜማ ከየትኛውም አዳራሽ የተሻለ መድረክ ነበር ብዬ አምናለሁ። የፊልሙ ዳይሬክተር አድሪያን ሜበን ዜማውን ለሁለት ከፍሎ በፊልሙ መክፈቻና መዝጊያ ላይ ማድረጉ ብቻ እስካሁን አልተዋጠልኝም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሳይቆራረጥ መደመጥ አለበት።

የባንዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተመልሶ፣ በዚህ ጊዜ በተመልካች ፊት፣ ሁለት ምሽት ተጫውቷል። «ኤኮስ»ን ግን አልነካውም። ራይት በ2008 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ በዜማው ውስጥ ደግሞ የሁለቱ የዘፈን ድምፅ አንድ ላይ ነው፣ ጊታሩና ኦርጋኑም ይነጋገራሉ። ጊልሞር የራይትን ቦታ ሌላ ሰው አጥንቶ ሊሸፍነው እንደማይችል ተናግሯል፤ ልክ ነው። ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን በ2022 እ.ኤ.አ. ከራሱ ባንድ ጋር ዜማውን ወደ መድረክ መልሶታል፤ ይህም ያስመሰግነዋል። ለእኔ ግን የመጨረሻው «ኤኮስ» ጊልሞርና ራይት በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. በፖላንድ፣ በግዳንስክ የመርከብ መሥሪያ ግቢ አብረው የተጫወቱት ነው።