መኪናው የሚስበው መቼ ነው?

እሑድ ጠዋት፣ 12 ሰዓት ተኩል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ጭር የሚልበት ሰዓት ነው፤ መሪ ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ይህን ዛሬ ማስፈር የፈለግሁት አንድ ልማድ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ወደ ጎን የሚስብ መኪና ሁሉ በቀጥታ የጎማዎች አቋም በማሽን ወደሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ይላካል፤ ተከፍሎበት ይወጣል፣ በሳምንቱ እንደገና ይስባል። አላይመንት መጨረሻ የሚሠራ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ነው፦ የሚስበው መቼ ነው? ዝም ብሎ ሲሄድ? ፍሬን ሲያዝ? ነዳጅ ሲሰጥ? ወይስ ከኩርባ ሲወጣ?

መንገዱም ይታሰብበት። አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። እኛ ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ ጤነኛ መኪናም መሪው ረገብ ተደርጎ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ያደላል። ወደ ግራ የሚስብን መኪና ግን በአብዛኛው በመንገድ ማመካኘት አይቻልም።

ቀጥሎ የጎማ ነፋስ። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ከተነዳ በኋላ ንባቡ ከፍ ብሎ ያታልላል። ልኩ የተጻፈው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ከፍተኛውን ግፊት እንጂ መሞላት ያለበትን አይናገርም። ለትናንሽ የቤት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። የፊት ሁለቱ በ5 ፒኤስአይ ከተለያዩ መኪናው ወደ ጎደለው ጎን መሄዱ አይቀርም።

ነፋሱ እኩል ሆኖ ከሳበ ጎማው ራሱ ይጠረጠራል። ውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ ከመሃል ትንሽ ከሸሸ ጎማው እንደ ሾጣጣ ነገር ይንከባለላል፤ በዓይን አይታይም፣ ባላንስም አያገኘውም። መፈተሻው ቀላል ነው፤ የፊት ግራና ቀኙን ማቀያየር። መሳቡ አቅጣጫ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማ ነው፣ ሌላ ነገር አይነካ። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለው ጎማ ከሆነ ግን በዚያው ጎን የፊቱን ከኋላው ጋር ማቀያየር ነው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ጎማ ከፊት አብሮ መግጠምም ያው መዘዝ አለው።

ፍሬን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲያዝ ወደ ቀኝ ከሳበ የቀኙ ይፈታል። የቀኙ ግን ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ያልያዘው የግራው ነው። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያስጨብጠው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ቅባት አልቆባቸው ዝገዋል፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ደርቋል፣ ወይም ሸራው ዘይት ነክቶታል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወረድ ይህ ቶሎ ይታወቃል።

ፍሬን ሳይያዝም እየሳበ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ መኪናው ወደ ጋለው ጎን ይሄዳል። እጅን ማስጠጋት ይበቃል፣ አይነካ፣ ያቃጥላል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጠንካራ ድጋፍ ይግባለት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ጎማው በእጅ አልዞር ካለ የፍሬን ዘይት ማስተንፈሻዋ ትንሽ ትላላ። ጎማው ወዲያው መዞር ከጀመረ ግፊት ታምቆ ነበር፤ በአንድ ጎማ ላይ ብቻ ሲሆን የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘግቷል ማለት ነው፣ ከውጭ አዲስ ቢመስልም። አሁንም ካልዞረ ፒስተኑ ወይም ፒኖቹ ናቸው።

መኪናው እንደተነሣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከአርሙ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲና፣ ማለትም የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የታችኛው አርም ቡሽ (ላስቲኩ) ግን በእጅ አይገኝም፤ በባትሪ መብራት ስንጥቁን መፈለግ ነው። ቡሹ ከተበላ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናውም በድንገት ይወረወራል።

አንድ ምልክት ግን በጣም ይገርመኛል። ቀኝ ከተታጠፈ በኋላ ወደ ቀኝ፣ ግራ ከተታጠፈ በኋላ ወደ ግራ የሚስብ መኪና አለ። ከአሞርዛተሩ ራስ ላይ ያለችው ኩሽኔታ ደርቃ መሪው ወደ መሃል አልመለስ ይላል። ይህን ማንም የአላይመንት ማሽን አያስተካክለውም።

ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ከሳበ ሞተሩን የሚሸከመው የሞተር ጎሚኒና ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው አክስል ይታዩ።

ይህ ሁሉ ካለፈ አላይመንት። ከሥራው በፊትና በኋላ የታተመው ወረቀት ይጠየቅ። በግራና በቀኝ ካምበር (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ) መካከል ከግማሽ ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ፣ መኪናው አናቱ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለው ጎማ ይስባል። ካስተር (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ) ከተለያየ ደግሞ አነስተኛ ወዳለው ጎን። ቶ (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ጎማ ይበላል፣ መሪ ያጣምማል እንጂ ለብቻው እምብዛም አይስብም፤ ቶ ብቻ አስተካክሎ «አልቋል» የሚል ባለሙያ ሥራውን ገና አልጨረሰም።