ፖል ካርድ መታወቂያ አይደለም

አገር ቤት የመረጠ ሰው የመራጭነት ካርዱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። መታወቂያ አሳይቶ ይመዘገባል፣ ካርዱን ይወስዳል፣ በዕለቱ ይዞት ይሄዳል፣ ጣቱን ቀለም ይነካል። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በፖስታ የሚልከው ፖል ካርድ ጣቢያችሁ የት እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ቤት ብትረሱትም ትመርጣላችሁ። የሚጠየቀው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ነው። ይህ የጀመረው በሜይ 4፣ 2023 የአካባቢ ምርጫ ነው። በስኮትላንድና በዌልስ የካውንስል ምርጫ ግን አይጠየቅም።

የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ መሄድ አይሠራም። የሚቀበሉት የብሪታንያን፣ የኮመንዌልዝ አገሮችን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን፣ እንዲሁም የኖርዌይን፣ የአይስላንድንና የሊክተንስታይንን ፓስፖርት ነው። መንጃ ፈቃድ ይሆናል፣ ፕሮቪዥናሉም (የለማማጅ) ቢሆን። ለእማማና ለአባባ የለንደን የትራንስፖርት ካርዳቸው፣ ፍሪደም ፓስ ወይም ከ60 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው ባለፎቶ ኦይስተር፣ ይበቃል። የተማሪ ኦይስተር ግን አይበቃም። ለምን? ይህንን ልዩነት አሳማኝ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። የሆስፒታልና የኬር ሥራ ባጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ፈቃድ፣ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ፣ ፎቶኮፒ፣ በስልክ የተነሳ የፓስፖርት ፎቶ፦ ሁሉም አይሆኑም። በ2025 መንግሥት የባንክ ካርድ እንዲፈቀድ አስቤያለሁ ብሏል፤ ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ እስኪባል ግን በባንክ ካርድ አትተማመኑ።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። አንደኛ፣ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያም ይሠራል፣ ፎቶው አሁንም እናንተን እስከመሰለ ድረስ። ሁለተኛ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ የድሮ ቤታችሁ ቢሆን ችግር የለውም። አድራሻችሁን በቃል ትናገራላችሁ፣ ከመዝገቡ ጋር ያያሉ፤ ከካርዱ የሚፈልጉት ፊትና ስም ነው።

የእኛን ሰው የሚይዘው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው ቢአርፒውን (የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን) መልሶ ልኳል። ብሪቲሽ ፓስፖርቱን ደግሞ ‘የምሄድበት የለኝ፣ ቆይቼ አወጣለሁ’ ይላል። እጁ ላይ የቀረው ያ ትልቅ የዜግነት ሰርተፊኬት ነው፤ እሱ ፎቶ የለውም፣ ዝርዝሩም ውስጥ የለም። መንጃ ፈቃድም ከሌለው ሙሉ መብት ያለው መራጭ ሆኖ ባዶ እጁን ነው።

ለእንዲህ ያለው ሰው ቮተር አውቶሪቲ ሰርተፊኬት የሚባል ነጻ ወረቀት አለ። በመንግሥት ድረ ገጽ ወይም በወረቀት ቅጽ ይጠየቃል። የሚፈለገው ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርና ከፊት ለፊት የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ለሃይማኖት የሚደረግ ሻሽ ወይም ሂጃብ አይከለከልም፣ ፊት ግን መታየት አለበት። ቅድሚያ መራጮች መዝገብ ላይ መኖር ያስፈልጋል። የመመዝገቢያው መጨረሻ ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት እኩለ ሌሊት፣ የሰርተፊኬቱ መጨረሻ 6 የሥራ ቀን በፊት ከቀኑ 5 ሰዓት (በእኛ 11) ነው። ሰው የሚሳሳተው የሥራ ቀን የሚለው ላይ ነው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና ባንክ ሆሊዴይ አይቆጠሩም። የሜይ 7፣ 2026 ምርጫን ብንወስድ፣ ሰኞ ሜይ 4 በዓል ስለሆነ ስድስቱ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ማክሰኞ ኤፕሪል 28 ላይ ይወድቃል። ምዝገባው ሰኞ ኤፕሪል 20 ነው።

አሁን ስሙ። የእኛ ስም ለእንግሊዝ ቅጽ አልተሠራም። ፓስፖርቱ ላይ ‘ገብረ’ አንድ ቦታ፣ ‘መድኅን’ ሌላ ቦታ ተለያይተው ተጽፈዋል፤ የካውንስሉ መዝገብ ላይ አንድ ላይ ተገጥመዋል። አንዱ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ ሌላው ላይ የአያት። ትንሽ የፊደል ልዩነት፣ አንድ ‘ኤስ’ ቢጎድል ወይም ቢጨመር፣ አያስመልስም፤ የጣቢያው ኃላፊ አይቶ ያልፈዋል። ስሙ ሌላ ሰው የሚመስል ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ መዝገቡ ላይ የባል ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም ካለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ወረቀት (የጋብቻ ምስክር ወረቀት ወይም ስም የተቀየረበት ዲድ ፖል) አብሮ መያዝ ነው። የተሻለው መንገድ ግን አስቀድሞ ካውንስሉ ጋ ደውሎ መዝገቡ ላይ በምን ስም እንዳላችሁ መጠየቅና ማስተካከል ነው። ሰርተፊኬቱንም ስትጠይቁ መዝገቡ ላይ ባለው ስም ጠይቁ።

በር ላይ የፓርቲ ሪባን ያደረጉ ሰዎች የመራጭ ቁጥራችሁን ሊጠይቁ ይችላሉ። ለነሱ ምንም የማሳየት ግዴታ የለባችሁም። ውስጥ ግን ፊቷን የምትሸፍን እኅት ከመጋረጃ ኋላ፣ ለሴት ሠራተኛ ብቻ እንድታሳይ መጠየቅ ትችላለች። መታወቂያውን ካልተቀበሉት ሌላ ይዞ ተመልሶ መምጣት ይቻላል፤ ጣቢያው ከጠዋቱ 7 እስከ ማታ 10 ክፍት ነው፣ በእኛ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት። በ2023 ጣቢያ ድረስ ከሄዱት መራጮች ቢያንስ 0.25 በመቶ የሚሆኑ፣ ወደ 14,000 ሰዎች፣ በመታወቂያ ምክንያት ሳይመርጡ ቀርተዋል።

በፖስታ የሚመርጥ ፎቶ አይጠየቅም። የልደት ቀንና ፊርማ ይበቃዋል፤ ፊርማው ግን ማመልከቻው ላይ ከፈረመው ጋር ካልገጠመ ድምፁ ይጣላል። መታወቂያችሁ በምርጫው ዋዜማ ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ፣ በዕለቱ እስከ ከሰዓት 5 (በእኛ 11) ድረስ የአስቸኳይ ውክልና (ሌላ ሰው በእናንተ ፈንታ እንዲመርጥ) መጠየቅ ይቻላል። ወክላችሁ የምትልኩት ሰው ጣቢያው ላይ የሚያሳየው የራሱን መታወቂያ ነው፣ የእናንተን አይደለም።